ስልኩ የሚከተለው በሽታውን ነው ወይስ ሰውየውን?

ተጠራጣሪው፦ ከሕዝቡ ልጀምር። በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል አንድ ጥያቄ ይዞ ወጣ፤ መንግሥት የሰዉን ስልክ እየተከተለ ማን የት እንደዋለ ቢያይ የኮሮናን ሥርጭት ለመግታት ይረዳል ወይ? ከአሥር ሰው ስድስቱ ያህል «ያን ያህል ለውጥ አያመጣም» ብለው መለሱ። ልብ በይ፣ ኒውዮርክ ሬሳ በማቀዝቀዣ መኪና የምታስቀምጥበት ወር ነው። ሰው በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሆኖም አላመነም።

ደጋፊዋ፦ ከጥናቱ የተመቸህን ቆርጠህ ነው ያመጣኸው። እዚያው ላይ በቫይረሱ መያዙ በምርመራ የተረጋገጠን ሰው በስልኩ መከተል ተቀባይነት አለው ያሉት ከግማሽ በጥቂት ይበልጣሉ። «ሰው ሁሉ ርቀቱን መጠበቁን ለማየት ሁሉንም እንከተል» ሲባል ነው ድጋፉ ከአርባ በመቶ በታች የወረደው። ሕዝቡ ቴክኖሎጂውን በጅምላ አልጠላም። ማን ይታያል፣ ለምን ይታያል ብሎ ለይቷል።

ተጠራጣሪው፦ መለየቱንማ ለየ። የለየውን የሚያከብርለት ማን ነው? ሲንጋፖርን እንውሰድ። በመጋቢት 2020 «ትሬስ ቱጌዘር» የተባለውን መተግበሪያ ስታወጣ ባለሥልጣናቱ መረጃው ንክኪ ያላቸውን ሰዎች ለመለየት ብቻ እንደሚውል ቃል ገቡ። ሕዝቡ መጀመሪያ ዳር ዳር አለ። ኋላ የገበያ አዳራሽና መሥሪያ ቤት ለመግባት አስፈላጊ እየሆነ ሲመጣ ከነዋሪው ሦስት አራተኛ በላይ ተመዘገበ። በጥር 2021 ፓርላማ ውስጥ ጥያቄ ተነሣና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታው ፈረጠም ብለው መለሱ፤ ፖሊስ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት መረጃውን ማስቀረብ ይችላል። በአንድ የግድያ ምርመራም ተጠቅሞበት ነበር። ቀድሞ ቃሉን የሰጡት ሚኒስትር ቪቪያን ባላክሪሽናን ያን ሕግ እንዳላሰቡት አምነው ይቅርታ ጠየቁ።

ደጋፊዋ፦ ከዚያስ? በየካቲት ሕግ ወጣ፤ ፖሊስ መረጃውን ማየት የሚችለው በሰባት ዓይነት ከባድ ወንጀሎች ብቻ ሆነ። መተግበሪያውም ሥራው ሲያበቃ በ2024 ተዘጋ። ስህተት ተሠራ፣ በፓርላማ ተጠየቀ፣ ታረመ። ከመንግሥት ከዚህ የበለጠ ምን ትጠብቃለህ?

ተጠራጣሪው፦ ታረመ የምትይው «ለበሽታ ብቻ» የነበረው ቃል «ለበሽታና ለሰባት ወንጀል» መሆኑን ነው። ሰዉ የተመዘገበው ፊተኛውን ቃል ሰምቶ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ደጋፊዋ፦ አባባል ከሆነስ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ተብሏል። ወደ ነገሩ እንመለስ። ሲንጋፖር የሠራችው አንድ ዓይነት ንድፍ ነው፤ ሌላም አለ። አፕልና ጉግል በ2020 አብረው ያወጡትን እይ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠችው ሴት ስልክ በብሉቱዝ ትርጉም የሌለው ቁጥር ይልካል፤ ያንተም እንዲሁ። ቁጥሩ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይለወጣል። ስም የለበትም፣ ቦታም የለበትም። ሁለቱ ስልኮች የሰሙትን ቁጥር ለሁለት ሳምንት ያህል በየራሳቸው ይይዛሉ። ሴትዮዋ ታምማ ከፈቀደች የእሷን ቁጥሮች የሚፈታው ቁልፍ ብቻ ወደ ማዕከሉ ይሄዳል። ያንተ ስልክ ዝርዝሩን አውርዶ ራሱ ከያዘው ጋር ያመሳክራል። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች አንተ አታውቅም፤ አንተ አጠገቧ እንደነበርክ ጤና ሚኒስቴርም አያውቅም። ፖሊስ መጥቶ «አምጡ» ቢል የሚሰጠው ነገር የለም።

ጀርመን በሰኔ 2020 ያወጣችው በዚህ ንድፍ ነው፤ ኮዱንም ማንም እንዲመረምረው ክፍት አደረገችው። እንግሊዝ መረጃን አንድ ቦታ የሚያከማች ንድፍ በዋይት ደሴት ሞክራ ተወችና ወደዚሁ ዞረች። በመስከረም የጀመረውን መተግበሪያ 16 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ዘወትር ይጠቀምበት ነበር። እስከ ዓመቱ መጨረሻ በነበሩት ወራት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከመያዝ እንዳመለጡ «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ገምቷል። «ለውጥ አያመጣም» ላሉት ስድስቱ መልሱ ይኸውልህ።

ተጠራጣሪው፦ ግምት መሆኑን አንቺም አልካድሽም፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ግምት መካከል ያለው ርቀትም ብዙ ነው። ግን ይሁን፣ ጠቀመ እንበል። ቀጥሎ የሆነው ምንድን ነው? በሐምሌ 2021 በአንድ ሳምንት ብቻ ከ600 ሺህ በላይ «ራስህን አግልል» የሚል መልእክት ሄደ። የሱቅ መደርደሪያ የሚሞላ፣ ባቡር የሚነዳ ሰው ጠፋ። ሰዉም መተግበሪያውን ከስልኩ ማጥፋት ጀመረ። እነዚህ ሰዎች ስለ ግላዊ መረጃ ተጨንቀው አይደለም፤ ስለ ደሞዛቸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እንግሊዝ ውስጥ ራስህን አግልል ለተባለ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ 500 ፓውንድ ይሰጥ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ገንዘቡ የሚሰጠው የጤና ሠራተኛ ደውሎ ለነገረው እንጂ መተግበሪያው ለነገረው አልነበረም። ለምን? መተግበሪያው ስም ስለማያውቅ ማንን እንዳስጠነቀቀ የሚያረጋግጥ የለማ! ያ የምታደንቂው ስም አልባነት ድሃውን ከድጎማው አስቀረው።

ደጋፊዋ፦ ይኼ ጥሩ ነጥብ ነው። በታኅሣሥ መፍትሔ ተገኝቶለታል፤ ቢሆንም እስከዚያ የከፈለው ድሃው መሆኑ እውነት ነው። ከዚህ የምወስደው ግን ያንተን መደምደሚያ አይደለም። ችግሩ ስልኩ ሳይሆን ከስልኩ በስተጀርባ ያለው እርዳታ ነው።

ሳኒተሪያኑ፦ ልግባ? ጡረታ የወጣ የጤና ባለሙያ ዝም ብሎ መስማት አይሆንለትም።

ደጋፊዋ፦ ይግቡ እንጂ ጋሼ።

ሳኒተሪያኑ፦ ከስልኩ በስተጀርባ ስትዪ ነው የነካሽኝ። ኢትዮጵያ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ የጀመረችው በ1963 ዓ.ም. ነው፤ ከዓለም አገሮች መጨረሻ ላይ ከጀመሩት አንዷ ነበረች። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኛ ተቆጠረ። በፊት በሪፖርት ይታወቅ የነበረው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ የሚፈልግ ስላልነበረ አልተገኘም። መሣሪያው ምን ነበር መሰላችሁ? አንድ ካርድ። ፊቱ ሁሉ ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ፎቶ ያለበት ካርድ። ባለሙያው ያንን ይዞ ገበያ መሐል ይቆማል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፣ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪ አይደብቅም፤ «ከወንዙ ማዶ፣ እነ እገሌ ቤት» ይላል። ከዚያ በእግር፣ በበቅሎ፣ ኋላም በሄሊኮፕተር ነው። የታመመውን ቤት ከበው ጎረቤቱን በሙሉ ይከትባሉ። በነሐሴ 1968 እዚህ አገር የመጨረሻው ሕመምተኛ ተገኘ። በጥቅምት 1970 ደግሞ ሶማሊያ መርካ ላይ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው ተመዘገበ።

ተጠራጣሪው፦ ጋሼ፣ ሰዉ ሁሉ ወዶ ነው የተከተበው?

ሳኒተሪያኑ፦ የለም፣ የለም። ጎጃም ውስጥ እምቢ ያለው ብዙ ነበር። ከታማሚ ቁስል ወስደው ጤነኛውን በዘልማድ የሚከትቡ ሰዎች ነበሩ፤ ሕዝቡ የሚያምነው እነሱን ነው። ደግሞ እኛ አገር የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ነበር፤ ከመቶ ሰው ሁለት እንኳ አይገድልም። ሰው ከበሽታው ይልቅ ከከተማ የመጣውን መርፌ ቢፈራ አይፈረድበትም። ይሁንና ጠቁሞ የተናገረ ሰው ምን አገኘ? ክትባት የያዘ ሰው ደጁ ድረስ መጣለት። ስለተናገረ ልጁ አልተወሰደበትም፣ ሥራው አልተቋረጠበትም። የመናገር ጥቅሙ በዓይኑ ይታየዋል። የእናንተ ስልክ የተናገረለት ሰው ምን ያገኛል? «ቤትህ ተቀመጥ!» ነዋ።

ደጋፊዋ፦ ጋሼ፣ ፈንጣጣ ግን ፊት ላይ ይታያል። ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ብዙም አይተላለፍም፤ ስለዚህ ካርድ የያዘ ሰው በሽታውን በእግሩ ሊቀድመው ይችላል። ኮሮና የያዘው ሰው ትኩሳት ሳይጀምረው ያስተላልፋል። እርስዎ ወንዙን ተሻግረው እስኪደርሱ እነ እገሌ ሰርግ ቤት ውለው አምስት ሰፈር አዳርሰዋል። ካርዱ ለፈንጣጣ ሠርቷል፤ ለዚህኛው አይሠራም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እሳቱ ከታየ ነው። ይኼ የማይታይ እሳት ነው።

ሳኒተሪያኑ፦ ይህስ ልክ ነሽ።

ደጋፊዋ፦ ደቡብ ኮሪያ ይህን በከባድ ዋጋ ነው የተማረችው። በ2015 ሜርስ የተባለው የመተንፈሻ በሽታ ገብቶባት 186 ሰው ያዘ፣ 38 ገደለ። አብዛኛው የተያዘው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ መንግሥት ደግሞ የሆስፒታሎቹን ስም መጀመሪያ ደብቆ ሕዝቡ ተቆጣ። ስለዚህ ሕጓን አሻሻለች። በወረርሽኝ ጊዜ የጤና ባለሥልጣን የሕመምተኛውን የባንክ ካርድ አጠቃቀም፣ የደኅንነት ካሜራ ምስልና የስልክ መረጃ መጠየቅ ይችላል። የተገኘውንም ለሕዝቡ መግለጽ አለበት። በ2020 የተፈተነው ይህ ሕግ ነው፤ አገሪቱ መላው ሕዝብ ቤቱ እንዲቀመጥ ሳታውጅ የመጀመሪያውን ማዕበል ተሻገረች። ልብ በል፣ ጥያቄው የመጣው ከሕዝቡ ነው። የደበቀው መንግሥት፣ «ንገረን» ያለው ሕዝብ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ሕዝቡ የጠየቀው የሆስፒታሉን ስም ነበር። የተሰጠው የጎረቤቱ ገመና ሆነ። በየስልኩ የሚመጣው መልእክት ዕድሜ፣ ፆታ፣ የሚኖርበት ቀበሌ፣ በስንት ሰዓት የትኛው ምግብ ቤት፣ ማታ የትኛው ሆቴል ይል ነበር። ስም ባይኖረውም ሰፈር ለሚያውቅ ሰው ምን ይጎድለዋል? ሰዉ ቁጭ ብሎ ማን ከማን ጋር እንዳመነዘረ ይገምት ጀመር። የአገሪቱ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በመጋቢት 2020 መረጃው ከሚገባው በላይ ተገልጧል ብሎ መናገር ግድ ሆነበት።

ግንቦት ላይ ደግሞ ሴኡል ኢቴዎን በሚባለው ሰፈር ከምሽት ክለቦች ወረርሽኝ ተነሣ። ጋዜጦች አንዳንዶቹ ክለቦች የግብረ ሰዶማውያን መሆናቸውን ጻፉ። ከስልክ ማማዎቹ በተወሰደ መረጃ በአካባቢው የነበሩ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ተለዩ፤ ሰዎቹ ግን ስማቸው እንዳይወጣ ፈርተው አንመረመርም አሉ። ያ ሁሉ ማማ፣ ያ ሁሉ ካሜራ የፈራ ሰውን ወደ መመርመሪያው ማምጣት አልቻለም። ያመጣው ምንድን ነው? የሴኡል ከተማ «ስማችሁን አንጠይቅም፣ የስልክ ቁጥር ብቻ ስጡን» ስትል ነው ሰልፉ የረዘመው። ስለዚህ በኮሪያ ምስክርነት ልርታሽ፤ ትንሽ ባወቁ ጊዜ ነው ብዙ ያገኙት።

ደጋፊዋ፦ በግማሹ ልክ ነህ። እነዚያን 10 ሺህ ሰዎች መጀመሪያ ያገኘው፣ «ኑ ተመርመሩ» የሚል መልእክት የላከላቸው ያው ማማ ነው። ስም አልባው ምርመራ በሩን ከፈተ፤ ወደ በሩ የጠራው ግን ቴክኖሎጂው ነው። ከዚያ በኋላም ዕድሜና ፆታ ከመልእክቱ እንዲወጣ፣ የዋለበት ቦታ ዝርዝር ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲነሣ ተደረገ።

ደግሞ አንድን ሰው ጨርሶ የማይከተል አሠራር አለ። ኬንያን ላንሳ። ተመራማሪዎች ከሰኔ 2008 እስከ ሰኔ 2009 የነበረውን ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ የስልክ ደንበኛ እንቅስቃሴ ስሙ ተነሥቶ ተሰጣቸውና ከወባ ካርታ ጋር አስተያዩት፤ በ2012 ታተመ። ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ የሚሄደው መንገደኛ ተሐዋሲውን በደሙ ይዞ እንደሚገባ ታየ። ወባ የሌለበት ከተማ ለምን የወባ ሕመምተኛ እንደሚያስተናግድ፣ መድኃኒቱና አጎበሩ የት ቢሄድ እንደሚያዋጣ የሚናገር ሥራ ነው። ማንንም አላጋለጠም።

ተጠራጣሪው፦ ማንም ግን አልተጠየቀም። ስም ተነሣ ስትይ ደግሞ፣ በ2013 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን የአንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው የስልክ መረጃ ወስዶ ምን አሳየ? አንድ ሰው በአራት የተለያየ ሰዓት የት እንደነበረ ካወቅሽ፣ ከመቶ ዘጠና አምስቱን ነጥለሽ ታወጪያለሽ። ሌሊት የሚያድርበት፣ ጠዋት የሚሠራበት፣ እሁድ የሚሳለምበት፣ ቅዳሜ የሚገበያይበት፤ አራት ሞላ።

ስሙ ባይወጣ እንኳ ወገኑ ይወጣል። ይኼን አማርኛ የሚናገር ሰው ከሌላው በፊት ማወቅ ነበረበት። በጥር 1996 «ማሪቭ» የተባለው የእስራኤል ጋዜጣ አንድ ጉድ አወጣ። ማገን ዳቪድ አዶም፣ የአገሪቱ የደም አገልግሎት፣ ከኢትዮጵያ የመጡ አይሁዶች የሚለግሱትን ደም በምስጋና እየተቀበለ ለዓመታት በድብቅ ይደፋ ነበር። ምክንያቱ ኤች አይ ቪ ነው፤ ከዚያ አገር በመጡት መካከል ቁጥሩ ከፍ ይላል የሚል ስሌት። ለጋሹ አልተነገረውም፤ ክንዱን ዘርግቶ፣ ለአገሬ አበረከትኩ ብሎ ቤቱ ገብቷል። በዚያው ወር መጨረሻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ወጥቶ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ። ስም የሌለው ስታቲስቲክስ አንድን ሕዝብ በጠቅላላ እንዴት እንደሚፈርጅ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የለኝም።

ሳኒተሪያኑ፦ ያ ነገር እዚህ ድረስ ተሰምቶ አስቆጥቶን ነበር።

ተጠራጣሪው፦ አሁን ወደ 2020 እንምጣ። በመጋቢት የእስራኤል መንግሥት ሽብርተኛን ለማደን የተሠራውን፣ ሺን ቤት የተባለው የአገር ውስጥ ደኅንነት ድርጅት የስልክ መከታተያ ለኮሮና እንዲውል ፈቀደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ «ያለ ሕግ አይቻልም» አለ፤ በሐምሌ ሕግ ወጣ። የመንግሥት ተቆጣጣሪው በዚያው ዓመት ያቀረበው ሪፖርት ደግሞ አለ። ሺን ቤት ንክኪ አላቸው ብሎ ከለያቸው ሰዎች በቫይረሱ ተይዘው የተገኙት ከመቶ ሦስት ተኩል ገደማ ነበሩ፤ በተራ የጤና መርማሪ ጥያቄ ከተለዩት ግን ከመቶ ሃያ አራት። ያ ሁሉ የስለላ መሣሪያ ስልክ ይዞ «ወንድሜ፣ ማን ጋር ዋልክ?» የሚለውን ሰው አላከለም። ሳይነገረው ደሙ የተደፋበት፣ በ2015 እና በ2019 ከፖሊስ ጋር አደባባይ የተጋፈጠ ማኅበረሰብ በሺን ቤት ተከታትለን እናድንሃለን ቢባል ምን ብሎ ይመን?

ደጋፊዋ፦ የደሙን ታሪክ አልከራከርህም፤ ነውር ነው። ግን በደንብ አስበው። የዚያ ነውር ምንጭ ብዙ ማወቅ ነው ወይስ ትንሽ? እያንዳንዱን ደም ለብቻው አይቶ ከመፍረድ ይልቅ በተወለዱበት አገር ተፈረደ። ምርመራው በትክክል አንድ በአንድ ሲለይ የዘር ግምት ቦታ አያገኝም። ዝም ብሎ የሚፈርጅ ድሮም መሣሪያ አያስፈልገውም ነበር።

የሺን ቤቱን ቁጥርም እቀበላለሁ፤ የማማ መረጃ ለዚያ ሥራ ደነዝ ነው፤ ፎቅ ላይ ያለውንና ከሥር የሚያልፈውን አይለይም። እዚያው እስራኤል ውስጥ ግን ሌላ ነገር ተሠርቷል። በ2013 ራሃት በምትባለው የደቡብ የበደዊን ከተማ ከፍሳሽ በተወሰደ ናሙና ውስጥ የፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ። አንድም ልጅ ገና አልታመመም። ማንም ስልኩን አልሰጠም፣ ማንም አልተጠየቀም። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች የጠብታ ክትባቱን ወሰዱ፤ ሥርጭቱ ቆመ፤ ሽባ የሆነ ልጅ አልተመዘገበም። በዚያው ዓመት በአፍሪካ ቀንድ ምን ሆነ? ሶማሊያ ውስጥ ከ190 በላይ፣ በእኛው ሶማሌ ክልል ደግሞ በተከታዩ ዓመት ከተገኘው ጋር አሥር ልጆች ሽባ ሆኑ። በሽታው መግባቱ የታወቀው ልጅ መራመድ ሲያቅተው ነው። ሰዉ ክትትልን ስለመፍራቱ ስንነጋገር እነዚህንም ልጆች እንቁጠራቸው። እነሱን የሚወክል የአስተያየት መጠይቅ የለም።

ተጠራጣሪው፦ ይኼ ከባድ ነው፤ አላቀልለውም። ነገር ግን የራሃት ልጆች ሽባ ያልሆኑት ፍሳሹ ስለተመረመረ ብቻ ነው? ቀድሞም በመርፌ የሚሰጠውን የፖሊዮ ክትባት ተከትበው ነበር፤ ቫይረሱ አንጀታቸው ውስጥ ቢዞርም ሽባ አላደረጋቸውም። የእኛዎቹ አርብቶ አደር ልጆች ያጡት ላቦራቶሪ ከመሆኑ በፊት ክትባት ነው። ፍሳሹንስ ከየት ታመጪዋለሽ? ፍሳሽ ለመመርመር ቱቦ ያስፈልጋል።

ሳኒተሪያኑ፦ ሽንት ቤት የሌለው ሰው ፍሳሽ የለውም።

ደጋፊዋ፦ ከወንዝና ከቦይም ይቀዳል ጋሼ፤ ሲሠራም ኖሯል። ክትባቱ ይቅደም የሚለውን ግን ተቀብያለሁ።

ተጠራጣሪው፦ ስልኩም ላይ ያው ነው። ገጠር ውስጥ አንድ ቤት አንድ ስልክ ይኖር ይሆናል፤ የሚይዘው አባወራው ነው። ካርታው ላይ የሚታየው ገበያ የሚሄደው ሰውዬ እንጂ ውኃ የምትቀዳው ልጅ አይደለችም። ኔትወርክም አለ ስትዪ የለም። ከኅዳር 2020 ጀምሮ ትግራይ ውስጥ ስልክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆየ፤ በዚያ ዘመን በማማ ላይ የተመሠረተ ቅኝት ቢኖርስ ምን ያይ ነበር? የሚቆጣጠሩት ሰዎች የሚያጠፉት መሣሪያ ሕመምተኛው በጣም በሚፈልገው ቀን ላይገኝ ይችላል።

ሳኒተሪያኑ፦ እኔ ደግሞ ስልኩን አልጠላሁትም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ 8335 ደውሉ ተባለ፣ ሰዉም ደወለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ተመልከቱ። በእያንዳንዱ ቤት የቤተሰብ ማህደር ይዛለች፤ ማን እንዳረገዘች፣ ማን እንዳልተከተበ ታውቃለች። ከየትኛውም መተግበሪያ ይበልጥ ሰው ጓዳ የገባችው እሷ ናት። ይኼ ሁሉ ሲሆን «ሰለለችን» አልተባለችም። ለምን? ልጅ ሲያተኩሰው በር የምታንኳኳው፣ አጎበር የምታመጣው እሷ ናት። ማህደሯ ታብሌት ውስጥ ቢገባላት ደስ ይለኛል፤ የወረቀቱ ክምር ጤና ኬላዋን ሞልቶታል። የምሰጋው ታብሌቱ ከእሷ እጅ አልፎ ሌላ ቢሮ የደረሰ ቀን ነው። ያን ቀን በሩ ይዘጋባታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነግራት የለም።

ደጋፊዋ፦ ታብሌቱ ግን ወረዳ መድረስ አለበት ጋሼ፣ አለዚያ ምን ሊረባ? ድሬዳዋ ላይ በ2022 ወባ በደረቁ ወራት ሲነሣ የሆነውን ያስታውሱ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ታመሙ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው፣ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ መጀመሪያ የታየችው፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባ መጤ ትንኝ እንዳመጣችው የታወቀው የሕመምተኛው ቤት ከትንኟ እጭ ከተገኘበት ጋር ተነጻጽሮ፣ ተሐዋሲውም በላቦራቶሪ በዘረመል ተመርምሮ ነው። አድራሻ ባይሰጥ፣ ሪፖርት ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ባይሄድ «ዘንድሮ ወባ በዛ» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ተጠራጣሪው፦ ይሂድ። የት ድረስ እንደሚሄድና መቼ እንደሚጠፋ ይጻፍ ነው የምለው። ኖርዌይ በ2020 ያወጣችው መተግበሪያ የሰዉን መገኛ ስለሚሰበስብ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኗ «ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል» አለ፤ በሰኔ ቆመ፣ የተሰበሰበውም ተደመሰሰ። ጤና ተቋሙ ቅር ብሎታል፤ ግን ታዘዘ። እኔ የምፈልገው ይህን የሚያህል «ተው» ባይ ነው።

ደጋፊዋ፦ ያን ዓመት ሳትጨርስ ቦታ የማይጠይቀውን አዲስ መተግበሪያ ማውጣቷንም ጨምርበት። ተው መባሉ ሥራውን አልገደለውም። ታዲያ ተው ባይ እንዲህ ያለ ከሆነ እኔም ከጎንህ ነኝ። ተው ባይ እስኪገኝ ምንም አይሠራ ካልከኝ ግን እለይሃለሁ፤ ፖሊዮ ቀጠሮ አይቀበልም።

ሳኒተሪያኑ፦ ኮሪያዎች ሕጋቸውን ያሻሻሉት በ2015 ነው አላልሽም? ኮሮና ሲመጣ ተዘጋጅቶ ጠበቀው፤ የጎደለው ደግሞ ምን ያህል ይገለጥ የሚለው ልክ ነበር፤ እሱን በወረርሽኙ መሐል፣ ሰዉ ከተዋረደ በኋላ ነው ያረሙት። እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። በወረርሽኝ ጊዜ የሕመምተኛ መረጃ ማን ጋር ይድረስ፣ ፖሊስ ይየው ወይስ አይየው፣ በስንት ቀን ይደምሰስ የሚለውን ዝርዝር የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፤ አንቺ ከጤናው፣ አንተ ከሕጉ። ታማሚ በሌለበት ሳምንት ተቀመጡና ጻፉት፤ ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ለአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስነብቧት።